ግምጃ ቤት የቀረው ሸክላ፤ የካረን ካርፔንተር ሕይወትና ሥራ

ተጠንቶ፣ ተሰልቶና ተስሎ ካለቀ በኋላ ወደ ግንባታ ሳይሸጋገር በሣጥን ውስጥ የሚቀር ንድፍ በሠሪው ልብ ውስጥ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያሳድር፣ በምሕንድስና ሙያ የተሰማራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድልድዩ ስላልተሠራ አልፈረሰም፤ ስላልተሠራም ሰው አልተሻገረበትም። ስለዚህ ንድፉ መልካም ይሁን ጐዶሎ የሚመሰክርለትም ሆነ የሚመሰክርበት ነገር አይገኝም። በሙዚቃው ዓለም እንዲህ ያለ ዕጣ ከገጠማቸው ሥራዎች አንዱ፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ካረን ካርፔንተር በገዛ ስሟ ብቻ እንዲወጣ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ አልበም ነው። ሥራው በ1979 ተጀምሮ በ1980 መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ፤ የሽፋኑ ፎቶግራፍ ሳይቀር ተነሣለት። ከዚህ በኋላ ግን ወደ ገበያ መሄዱ ቀርቶ ወደ ኩባንያው ግምጃ ቤት ገባ። ሠሪዋም በሕይወቷ ሳለች ለሕዝብ ሲቀርብ አላየችውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ከበሮ

ካረን አን ካርፔንተር በኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን በተባለችው ከተማ ማርች 2 ቀን 1950 ተወለደች። አባቷ ሸክላ የመሰብሰብ ፍቅር ያደረባቸው ሰው ነበሩ። በዚህ የሸክላ ክምችት ጆሮውን ያሠለጠነው ግን በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል የሚበልጣት ወንድሟ ሪቻርድ ነበር። ገና በልጅነቱ በፒያኖ ችሎታው የተደነቀው፣ ቤተ ሰቡም ታላቅ ተስፋ የጣለበት እርሱ ነበር። ካረን በበኩሏ ከቤት ውጭ ኳስ ስትጫወት መዋል የምትወድ፣ ሙዚቃን የወንድሟ ጉዳይ አድርጋ የምትመለከት ልጅ ነበረች። በ1963 ቤተ ሰቡ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ በካሊፎርኒያ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ዳውኒ ከተማ ሲዛወር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሪቻርድ ለሙዚቃው ሥራ እንዲቀርብ በማሰብ ነበር።

ካረን ወደ ሙዚቃ የገባችው አስባበት አይደለም። በዳውኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ለማምለጥ ስትል በሰልፍ ሙዚቃ ቡድኑ ውስጥ ተመዘገበች። በመጀመሪያ የተሰጣት መሣሪያ ግሎከንስፒል የተባለው፣ ጠፍጣፋ ብረቶቹ በትንሽ መዶሻ እየተመቱ የሚጮኹት መሣሪያ ነበር። ዐይኗ ግን ከበሮ መቺዎቹ ላይ ዐረፈ። ጠይቃም ተፈቀደላት። ቤቷ ስትገባ ቻይናዎች በሚመገቡባቸው ቀጫጭን እንጨቶች የወጥ ቤት በርጩማዎችን እየደበደበች ትለማመድ ጀመር። ወላጆቿ ጽናቷን ከተመለከቱ በኋላ ሙሉ የድራም መሣሪያ ገዙላት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ድራም ስትመታ ማየት እንግዳ ነገር ነበር። እርሷ ግን እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ድረስ ራሷን ከዘፋኝነት አስቀድማ በከበሮ መቺነት ትቈጥር ነበር።

1966 ለእኅትና ወንድሙ የሙከራ ዓመት ሆነ። በዚያ ዓመት ጆ ኦዝቦርን የተባለው የታወቀ የቤዝ ጊታር ተጫዋች በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ባቋቋመው ትንሽ ስቱዲዮ የ16 ዓመቷን የካረንን ድምፅ ሰማና በራሱ ጥቃቅን ኩባንያ፣ በማጂክ ላምፕ፣ አስፈረማት። ሁለት ዘፈኖች የያዘ አንድ ሸክላ በ500 ቅጂ ያህል ታተመ። ሸክላውን የሚያሠራጭ ጠንካራ ክንድ ባለመኖሩ ግን ነገሩ ከዚያ አላለፈም። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ያቋቋመውና ካረን ድራም የምትመታበት የሦስት ሰዎች ጓድ በሎስ አንጀለስ በሆሊውድ ቦውል በተደረገው የሙዚቃ ጓዶች ውድድር አሸነፈ። ከዚህ የተነሣ አር ሲ ኤ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ጓዱን አስፈርሞ ጥቂት ሥራዎችን ቀረፀ። ይሁን እንጂ ኩባንያው የተቀረፀውን ሳያወጣ ቀረ፤ ውሉም ፈረሰ። ካረን እንግዲህ ተቀርፆ ያለቀ ሥራ ሳይወጣ ሊቀር እንደሚችል ገና በ16 ዓመቷ አይታ ነበር። ያ ግን የወንድሟ ሥራ ነበር፤ የእርሷ ድርሻ ከበሮው ብቻ ነበር።

ዝናውና የሥራው ክፍፍል

ሁለቱም በሎንግ ቢች በሚገኘው የካሊፎርኒያ መንግሥት ኮሌጅ ገብተው፣ ፍራንክ ፑለር በሚመራው የመዘምራን ቡድን ውስጥ ድምፃቸውን አሠለጠኑ። ማታ ማታም በኦዝቦርን ጋራዥ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ የመቅረፅን ዘዴ ተማሩ። ከዚያ የተገኘው ክር እጅ በእጅ ተላልፎ፣ ራሱ ታዋቂ የጥሩምባ ተጫዋች ከነበረውና ኤ ኤንድ ኤም የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ከጄሪ ሞስ ጋር ካቋቋመው ከኸርብ አልፐርት ዘንድ ደረሰ። ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ውሉ ተፈረመ። ካረን ገና የ19 ዓመት ልጅ በመሆኗና ለመዋዋል ሕጋዊ ዕድሜዋ ባለመድረሱ፣ ወላጆቿ አብረው ፈረሙላት።

የመጀመሪያው የጋራ አልበማቸው በዚያው ዓመት ወጣ፤ ገበያው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ኩባንያው ያንጊዜ ተስፋ ቢቈርጥ ኖሮ የካርፔንተርስ ስም በዚያው ተረስቶ በቀረ ነበር። አልፐርት ግን ታገሠ። በ1970 በርት ባካራክና ሃል ዴቪድ የደረሱትን ክሎዝ ቱ ዩ የተባለውን ዘፈን ሲያወጡ፣ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቀጥሎ የመጣውና ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ዘፈን ደግሞ መነሻው የአንድ ባንክ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነበር። በ1971 ሁለት የግራሚ ሽልማቶችን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሦስተኛውን ተቀበሉ። በ1973 በዋይት ሐውስ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለጀርመኑ መሪ ለዊሊ ብራንት ባደረጉት ግብዣ ላይ ተጫወቱ። እስከ 1975 ድረስ ሦስት ዘፈኖቻቸው የሰንጠረዡን አናት ይዘው ነበር።

የዚህ ሁሉ ስኬት ምሥጢር በአንድ በኩል የካረን ድምፅ፣ በሌላ በኩል የቀረፃው ዘዴ ነው። ድምፅዋ ከሴቶች ድምፅ ዝቅተኛው የሚባለው ወፍራም ዓይነት ሲሆን፣ ይልቁንም ታችኛዎቹን ኖታዎች ስትዘፍን የተለየ ሙቀት ነበረው። ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግታ በለሆሳስ ስለምትዘፍን፣ ሰሚው አጠገቡ ቆማ የምታነጋግረው ይመስለው ነበር። የአጃቢዎቹን ድምፅ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይጨምሩ እኅትና ወንድሙ ራሳቸው፣ እያንዳንዱን ክፍል ደጋግመው እየዘፈኑና ደራርበው እየቀረፁ፣ ሁለት ሰዎች የአንድ መዘምራን ቡድን ያህል እንዲሆኑ ያደርጉ ነበር። ይህም ዘዴ ከቴክኒኩ እድገት ጋር አብሮ የሄደ ነው። የመጀመሪያው አልበም በስምንት መስመር ክር ተቀረፀ፤ ቀጥሎ ዐሥራ ስድስት፣ በኋላም ሃያ አራት መስመር መጣ። መስመሩ በጨመረ ቍጥር የሚደረበው ድምፅ በዛ፤ የድርረባውም ጥራት ከፍ አለ።

የሥራው ክፍፍል ግን ከመጀመሪያው የተወሰነ ነበር። ዘፈኑን የሚመርጠው፣ ሙዚቃውን የሚያቀናብረውና ቀረፃውን የሚመራው ሪቻርድ ነበር። ካረን ትዘፍናለች። ከድራሙም ቢሆን ቀስ በቀስ ራቀች። ቁመቷ 163 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ከመሣሪያው በስተጀርባ ስትቀመጥ ተመልካች ፊቷን ማየት አይችልም ነበርና፣ ወደ መድረኩ ፊት ወጥታ ቆማ እንድትዘፍን ተደረገ። በስቱዲዮም ውስጥ ለብዙዎቹ ዘፈኖች ድራሙን የመታው ሃል ብሌን የተባለው ባለሙያ ነበር። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ድምፅዋን ያውቁ ነበር። ስለ ሥራው በራሷ ሥልጣን የምትወስነው ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

ሕመም

ካረን በ1967 ክብደቷ 66 ኪሎ ግራም ያህል ስለነበረ በሐኪም ምክር ምግቧን ቀንሳ ወደ 54 አወረደችው። ይህ ጤናማ መጠን ነበር። ዝናው ከመጣና ሰው ሁሉ ዐይኑን ከጣለባት በኋላ ግን መቀነሱ ማቆሚያ አጣ። በ1975 መጸው ክብደቷ ወደ 41 ኪሎ ግራም በመውረዱና ኀይሏም በመሟጠጡ፣ በእንግሊዝና በጃፓን ተዘጋጅተው የነበሩት ጉዞዎች ተሰረዙ። ሕመሙ አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚባለው ነው። ዛሬ ስሙ በብዙ አገር ቢታወቅም፣ በዚያ ዘመን ከሐኪሞች ክበብ ውጪ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ቤተ ሰቧም ሆነ የሥራ ጓደኞቿ መብላት ያቃታት ከድካም የተነሣ መስሏቸው ብዪ እያሉ ከመለመን በቀር የሚያደርጉትን አላወቁም።

በሌላ በኩል ሪቻርድም የእንቅልፍ ክኒን ሱሰኛ ሆነ። በ1979 መጀመሪያ ላይ በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም ገብቶ ሱሱን ለመላቀቅ መታከም ጀመረ፤ ከዚያም ለማገገም ረዘም ያለ ዕረፍት አስፈለገው። የካርፔንተርስ ሥራ በዚህ ምክንያት ቆመ። ካረን ሥራ ፈትታ መቀመጥ የማትችል ሰው ነበረች። በ29 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አልበም ለመሥራት ወሰነች።

የኒው ዮርኩ ሥራ

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ሰው ፊል ራሞን ነው። ራሞን በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን የተማረ፣ ኋላም በድምፅ መሐንዲስነት ስም ያተረፈ ባለሙያ ነበር። በዚያ ወቅት የቢሊ ጆኤልን አልበሞች እያዘጋጀ በዝናው ጫፍ ላይ ይገኝ ነበር። ከነዚህ አንዱ፣ በ1978 የወጣው ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት የተባለው፣ በ1982 የታመቀው ሌዘር ዲስክ በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ሲቀርብ ከቀዳሚዎቹ ዲስኮች መካከል ነበር። ካረን ለሥራው ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ፣ ብዙውን ጊዜ በራሞን ቤት በእንግድነት እያደረች ትመላለስ ነበር። ሪቻርድ ሐሳቡን ሲሰማ አልወደደውም። በመጨረሻ እሺ ሲል ግን ዲስኮ የሚባለውን የዳንስ ሙዚቃ እንዳትሠራ አሳሰባት።

ቀረፃው በ1979 ጸደይ ተጀመረ። በአጃቢነት የቢሊ ጆኤል ጓድ አባሎች፣ ድራም መቺው ስቲቭ ጋድ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ሪቻርድ ቲና ሌሎችም በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሙዚቀኞች ተሰለፉ። ሮድ ቴምፐርተን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ዘፈኖችን አበረከተ። ይህ ሰው በዚያው ዓመት ለማይክል ጃክሰን ኦፍ ዘ ዎል አልበም ዘፈኖችን የደረሰ፣ በ1982 ደግሞ ትሪለር የተባለውን ዘፈን የጻፈ ነው። ከፖል ሳይመን የቆየ ዘፈን አንዱም በአዲስ መልክ ተሠራ። ከሃያ የሚበልጡ ዘፈኖች ተሞክረው 11 ተመረጡ።

የዘፈኖቹ ጠባይ ከቀድሞዎቹ ይለይ ነበር። ቃላቸው ስለ ጐልማሳ ሴት ፍቅር በግልጽ የሚናገር፣ ምታቸውም አንዳንዴ ወደ ዳንስ ያዘነበለ ነበር። ካረን ከለመደችው ወፍራም ድምፅ ወጥታ በቀጭኑ የዘፈነችበት ቦታ ብዙ ነው። የአጃቢውን ድርረባ ግን በቀድሞ ልማዷ በአብዛኛው ራሷ ሠራችው። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ሥራው ላይ ድምፅ ብቻ ሳይሆን አሳብም የምትሰጥ መሆኗ ነው። የትኛው ዘፈን ይግባ፣ የትኛው ይውጣ፣ የትኛው አዘፋፈን ይያዝ ተብሎ ሲጠየቅ ከሚመልሱት አንዷ እርሷ ነበረች። ኩባንያው ለሥራው 100,000 ዶላር መድቦ ነበር፤ ይህ ሲያልቅ ከራሷ ገንዘብ 400,000 ዶላር ያህል ጨመረችበት። መታሰቢያነቱንም ለወንድሟ ለሪቻርድ አደረገችው።

ውሳኔው

በ1980 መጀመሪያ ላይ የተጠናቀቀው ሥራ ለኩባንያው ኀላፊዎች ተሰማ። ካረንና ራሞን ደስታ ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ዝምታና ቅዝቃዜ ነው። ሪቻርድ ዘፈኖቹ ለእኅቱ የሚስማሙ እንዳልሆኑና ቅኝቱም ለድምፅዋ ከፍ እንዳለ ተናገረ። አልፐርትና ሞስም አልበሙ እንዳለ ቢወጣ መልካም አይሆንም ብለው ፈረዱ።

ስለዚህ ፍርድ ሚዛናዊ ሆኖ መናገር ይገባል። ፈራጆቹ ጠላቶቿ አልነበሩም። አልፐርት የመጀመሪያው አልበም ሳይሸጥ ሲቀር ታግሦ ለዝና ያበቃት ሰው ነው፤ ሪቻርድም ከዝናዋ ጋር የተያያዘ ሕይወት ያለው ወንድሟ ነው። ጊዜውም አስቸጋሪ ነበር። የአሜሪካ የሸክላ ንግድ በ1979 ከብዙ ዓመት እድገት በኋላ ወድቆ፣ የዲስኮም ሙዚቃ በድንገት ተጠልቶ ነበር። ከ11ዱ ዘፈኖችም መካከል ደካሞች የሚባሉ ይገኙባቸዋል። አንድ ኩባንያ ገንዘቡንና የዘፋኙን ስም አስቦ ሥራን ማገዱ በንግድ ዓለም የተለመደ ነው።

ይሁንና የዚህ ጉዳይ ክብደት ያለው ዘፈኖቹ ምን ያህል አምረዋል በሚለው ላይ አይደለም። በሕይወቷ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሴ ብላ የሠራችው አንድ ሥራ ይህ ነበር፤ ጐዶሎውም ሆነ መልካሙ የእርሷ ነበር። ፍርዱ ከአድማጩ ሕዝብ የመጣ ቢሆን ኖሮ ልታዝንም ልትማርም ትችል ነበር። ሕዝቡ ግን አልተጠየቀም። እርሷም ብትሆን ወጥታ አልተሟገተችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላው ሲወስን መቀበልን ለምዳ ነበርና በ1980 ሜይ ወር አልበሙ እንዲቀር መስማማቷን አስታወቀች። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት ከወንድሟ ጋር ወደ አዲስ አልበም ሥራ ለመመለስ በመፈለጓ ነው የሚል ነበር።

ፍጻሜ

በ1980 ኦገስት ወር አገባች፤ ትዳሩ ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይዘልቅ ተናጋ። በ1981 ከወንድሟ ጋር የሠራችው አልበም ወጣ፤ ከውስጡም አንዱ ዘፈን በሰንጠረዡ ላይ 16ኛ ደረጃ ደረሰ። ሕመሟ ግን እየባሰ ሄደ። በ1982 ለሕክምና ወደ ኒው ዮርክ፣ አልበሟን ወደ ሠራችባት ከተማ ተመልሳ፣ በዓመቱ መገባደጃ ሆስፒታል ተኝታ ክብደቷ ከ13 ኪሎ ግራም በላይ ጨመረ። ኖቬምበር ላይ ወደ ካሊፎርኒያ ስትመለስ የዳነች መስላ ነበር። ለረጅም ዘመን የተራበ ልብ ግን በጥቂት ሳምንታት አይጠገንም። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1983 ዳውኒ በሚገኘው በወላጆቿ ቤት ወድቃ ተገኘች፤ ሆስፒታል እንደደረሰችም ዐረፈች። 33 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር። የሬሳ ምርመራው ውጤት ሞቷ ከአኖሬክሲያ የተነሣ ልቧ ላይ በደረሰ ጉዳት መሆኑን አረጋገጠ።

የአልበሙ መታገድ ገደላት ማለት ስሕተት ነው፤ ሕመሙ ከአልበሙ በብዙ ዓመት ይቀድማልና። ነገር ግን ሰውነቷን ሳይቀር መግዛት ላቃታት ሴት በእጇ ከነበሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ እንደ ተወሰደባት መካድ አይቻልም። ሞቷ ግን አንድ ነገር አተረፈ። ዝነኛ ሰው በዚህ ሕመም መሞቱ በየጋዜጣው በመነገሩ፣ ብዙ ቤተ ሰብ የልጁን ችግር በስሙ ጠርቶ ወደ ሐኪም መሄድ ጀመረ።

ክሮቹ በግምጃ ቤት ቆዩ። በ1989 ከአልበሙ አራት ዘፈኖች በሪቻርድ ተቆጣጣሪነት እንደገና ተዋሕደው ከሌሎች ጋር በአንድ ሸክላ ወጡ። ሙሉው አልበም የወጣው ግን በ1996 ኦክቶበር ወር፣ ከተፈጸመ ከ16 ዓመት፣ ካረን ከሞተች ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሪቻርድ ዘፈኖቹን ሊያሻሽል አልሞከረም፤ እርሷ በ1980 ባጸደቀችው መልክና ቅደም ተከተል እንዲወጡ ተስማማ። ይህ ለአንድ ሠሪ ሊደረግ የሚገባው ትክክለኛ አክብሮት ነበር፤ መጥፎ ዕድል ሆኖ ዘገየ።

አልበሙ ሲወጣ የአድማጮች አስተያየት ተለያየ። አንዳንዱ የቀድሞዋን ካረን ፈልጎ አጣት፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን የተፍታታና ተጫዋች ድምፅ አግኝቶ ተደሰተ። ሥራው በዚህ ሁኔታ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ለሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ የሚያልፍበትን ፈተና አለፈ። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውጤቱን ቆማ የምትሰማው ሠሪዋ።